የወሲብ ጥቃት ሕግን ከምንጩ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ቤተሰብ ውስጥ ወይም ጎረቤት ጥቃት ሲደርስ የመጀመሪያው የሕግ ምክር የሚመጣው ከጠበቃ አይደለም። ከአጎት፣ ከሰፈር ሽማግሌ፣ ከቲክቶክ ነው። «አገባታለሁ ካለ ክሱ ይቀራል።» «ቁስል ከሌላት ምን ማስረጃ አላት?» «ቤተሰብ ከታረቀ ፖሊስ ምን አገባው?» ሦስቱም ስህተት ናቸው። ስህተት መሆናቸውን ማንም ሰው ስልኩ ላይ ባለ ፒዲኤፍ ማረጋገጥ ይችላል።

አስቀድሞ ግን፣ ጥቃቱ የደረሰው ዛሬ ወይም ትናንት ከሆነ ንባቡ ይቆይና ሆስፒታል ሂዱ። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። ተጎጂዋ ከምርመራው በፊት ገላዋን ባትታጠብ ይመረጣል። ልብሷም አይታጠብ። በወረቀት ከረጢት ያዙት እንጂ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ ማስረጃውን ያበላሻል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ።

1. ትክክለኛውን ሕግ ያዙ

የምትፈልጉት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 414/1996። ሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። እንግሊዝኛ ጽሑፎች «የ2004 ሕግ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት እንጂ ሌላ ሕግ የለም።

ኢንተርኔት ላይ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም አብሮ ይዞራል። መለያው ቀላል ነው፦ አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 589 ነው የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ያ የድሮው ነው። በአሁኑ ሕግ አንቀጽ 620 ነው። ልዩነቱ የቁጥር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በድሮው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ካገባት አይከሰስም ነበር። የአሁኑ አንቀጽ 587 ግን ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ይናገራል። «ካገባት ያበቃል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አያችሁ?

አማርኛውን አንብቡ። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ የፌዴራል ሕግ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተለያዩ ገዥው አማርኛው ነው። ባሕር ዳርም ጅግጅጋም ብትሆኑ ይህ ሕግ አንድ ነው።

2. ከ620 እስከ 628 ያለውን በአንድ መቀመጫ አንብቡ

ገጹ ብዙ አይደለም። ጠለፋ ካለበት 587፣ 588 እና 589ኝን ጨምሩ።

3. አንቀጹን በየቁራጩ ለያዩት

ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 620ን ያዙና ወረቀት ላይ በትኑት። ንዑስ አንቀጽ 1 ስለ ኃይል ድርጊት ይናገራል። ወይም ስለ ብርቱ ዛቻ። ወይም ሴቲቱን ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል ስለማድረግ። እያንዳንዱን በየራሱ መስመር ጻፉት። አንዱ ብቻ ከተገኘ ይበቃል። በዛቻ የተፈጸመ ድርጊት ሰውነት ላይ ጠባሳ ላይተው ይችላል፤ ሕጉም ቁስል መኖር አለበት አይልም። የሐኪም ማስረጃ ጉዳዩን ያጠናክራል፣ የወንጀሉ መመዘኛ ግን አይደለም።

ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል፤ ለምሳሌ ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ስትሆን ወይም ድርጊቱ በቡድን ሲፈጸም። ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ደግሞ የዕድሜ ልክ እስራት ነው።

አሁን ወደ 626 እና 627 እለፉ። እዚህ ኃይል መኖሩ አይጠየቅም። ልጅቷ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች «ፈቅዳ ነው» ማለት አያድነውም፤ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ከ13 እስከ 25 ዓመት። ስለዚህ የልደት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ቀድማችሁ ፈልጉ፤ ዕድሜ አንቀጹን ይለውጠዋል።

620 ላይ «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውንም አትዝለሉት። ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዚህ አንቀጽ አይከሰስም ማለት ነው። ይህ መስተካከል ያለበት ትልቅ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁንና በሚስት አካል ወይም ጤና ላይ ጉዳት ከደረሰ አንቀጽ 564 ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች ይመራል።

እርቅን በተመለከተ፦ አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል አይደለም። ክሱ የመንግሥት ነው። ሽማግሌ ቢያስታርቅ፣ ቤተሰብ ካሣ ቢቀበል፣ የወንጀሉ ፋይል በዚያ አይዘጋም።

4. ሰበርንና መመሪያውን እዩ

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻ ችሎት፣ ውሳኔዎች በቅጽ ተሰብስበው ይታተማሉ። ችሎቱ የሰጠው አስገዳጅ የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስራል። ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈውን ማጠቃለያ አትመኑ፤ የሰበር መዝገብ ቁጥሩን ወስዳችሁ ዋናውን ውሳኔ ፈልጉ። ሕጉ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ ለማወቅ የወንጀል ሕጉን ሐተታ ዘምክንያት የሚያህል የለም። የእስራቱ ዘመን ወሰን ሰፊ ስለሆነ ዳኛው ቅጣቱን እንዴት እንደሚያሰላ ማወቅ የሚፈልግ የተሻሻለውን የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ይመልከት።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ይህን አንቀጽ ይዛችሁ እዚያ ስላጋጠመ ጉዳይ አትፍረዱ። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው። ስዊድን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትጠይቀው ኃይል መኖሩን ሳይሆን ሰውየው ወይም ሴቲቱ በፈቃዳቸው መሳተፋቸውን ነው።

5. የሕግ ባለሙያ ጠይቁ

የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። ስትሄዱ «ምን ይሻለናል?» ብላችሁ አትጀምሩ። የተፈጸመውን በቀንና በቦታ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ። ፖሊስ ጋ ፋይል ከተከፈተ ቁጥሩን ጻፉና በየትኛው አንቀጽ እንደተከፈተ ጠይቁ። በ620፣ በ622 (በኃይል ወይም በዛቻ የሚፈጸም ሌላ የወሲብ ጥቃት) ወይስ በ626? ልጅቷ 16 ዓመቷ ሆኖ ፋይሉ ስለ ዕድሜዋ ምንም ካላነሳ፣ የልደት ካርዷን ይዛችሁ በዚያው ቀን ዐቃቤ ሕጉን አናግሩ።