ፔዳሉ ሲሰምጥ፦ አየር የገባበት ፍሬን

ሊማሊሞን ወርዶ ጎንደር የተመለሰ መኪና ነው፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ደጋግመው ሲረግጡት ይጠነክራል። የሚያንጠባጥብ ነገር የለም። ጥፋቱ ያረጀው ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ውሃ የጠጣ ዶት 4 (የተለመደ የፍሬን ዘይት ዓይነት) ደግሞ 155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ እንፋሎቱ መስመሩን ይሞላዋል።

አየሩን ከአሮጌው ዘይት ጋር ማስወጣቱ ከዘይት ማጠራቀሚያው ከራቀው የኋላ ጎማ ተጀመረ። የአየር ማውጫው ብሎን ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ይሰካል፤ ጫፉ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ረዳቱ ፔዳሉን ረግጦ ‹‹ያዝኩ›› ሲል ብሎኑ ሩብ ዙር ይላላል፣ ከዚያ ይጠብቃል፤ እግር የሚነሳው ከጠበቀ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ብዙው ልፋት የሚበላሸውም እዚህ ነው። አረፋው እስኪጠፋ ይደገማል፤ ማጠራቀሚያው በየመሃሉ ካልተሞላ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ለአራቱም ጎማ 1 ሊትር አዲስ ዶት 4 በቂ ነው። የወጣው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው አይመለስም፤ የመኪናው ቀለም ላይ ከፈሰሰም ወዲያው በውሃ ይታጠብ።