የጅማን ነባር ቤቶችና ሰፈሮች እንዴት ማቆየት ይቻላል፦ ከምዝገባ እስከ ጭቃ ልስን

ጅማ ውስጥ ነባር ሕንጻ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ጅሬን ኮረብታ ይወጣል። ከ1870 ዓ.ም. ጀምረው ከሃምሳ ዓመት በላይ የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ነውና ይገባዋል። የከተማዋ ታሪክ ግን በዚያ ግቢ አያበቃም። በሂርማታ ገበያ ዙሪያ በረንዳቸው ሰፊ የሆነ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች አሉ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ዘመን የተሠሩ የድንጋይ ሕንጻዎችም እስከ ዛሬ ሰው ይኖርባቸዋል፣ ይነገድባቸዋል። አብዛኞቹ ዘበኛም ሆነ የጥገና በጀት የላቸውም። የሚያቆያቸው ውስጣቸው የሚኖረው ቤተሰብና የሰፈሩ ሰው ነው።

1. መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት ይመዝግቡ

ለአንድ ሰፈር ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳል። የ30 ሜትር መለኪያ፣ ደብተርና ስልክ ይያዙ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ይስጡ፤ ቁጥሩን፣ ግድግዳው፣ ጣራውና ወለሉ ከምን እንደተሠራ፣ አሁን ማን እንደሚኖርበትና ጉዳቱ የት እንዳለ ይጻፉበት። ክፍሎቹን ሲለኩ ከማዕዘን ማዕዘን ያለውንም አይተዉ። ሁለቱ የማዕዘን ለማዕዘን (ሰያፍ) ልኮች እኩል ካልሆኑ ክፍሉ ጠማማ ነው፤ ከመጀመሪያ ተጣምሞ የተሠራ ይሁን ወይም ግድግዳው እየሸሸ ይሁን ማጣራት ያስፈልጋል። ንድፉን አንድ ሜትርን በአንድ ሴንቲ ሜትር ቢስሉት ተራ ወረቀት ላይ ይገባል።

ቤቱ መቼ እንደተሠራ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ዓመተ ምሕረት አያስጨንቋቸው። «ጣሊያን ሲገባ ነበረ?»፣ «አባ ጅፋር በሕይወት ሳሉ ነው?»፣ «ቆርቆሮው ሲለብስ እርስዎ ስንተኛ ክፍል ነበሩ?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ይበልጥ ይታመናል። የሁለት ሰው ቃል ካልተስማማ ሁለቱንም ይጻፉ።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት የቤቱን ፊት ብቻ ማንሳት ነው። ጓሮው፣ ማጀቱ፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ አጥሩና ትልቁ ዛፍ ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት ናቸው፤ በቅድሚያ የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። ፎቶውን በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ላይ ቆመው ያንሱ። ግድግዳ ቀስ ብሎ ሲሸሽ ዓይን ይለምደዋል፣ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ይጋለጣል።

2. ቤቱ የማን ነው? ፈቃዱስ?

ብዙ ነባር ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱ በኋላ በቀበሌ ወይም በኪራይ ቤቶች እጅ ገብተዋል። ተከራይ ከሆኑ ከአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይይዙ ግድግዳ አይንኩ። ያለ ፈቃድ ያወጡትን ወጪ ማንም አይተካልዎትም፤ ውልዎም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለማንኛውም የጥገና ሥራ የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። አገር አቀፍ ቅርሱን ከክልላዊው የሚለየው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 839/2006 ነው። በተግባር መነሻዎ የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሆናል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ማመልከቻውን በኦሮምኛ ያዘጋጁ፤ በደረጃ 1 የሠሩትን ገጽ፣ ንድፍና ፎቶ ያያይዙ። ባዶ አቤቱታ ከሚቀርብላቸው ሠራተኞች ይልቅ ልኬት የያዙት ቶሎ ውሳኔ ላይ ይደርሳሉ።

የመንገድ ማስፋት ወይም የኮሪደር ልማት ዕቅድ እንዳለ ከሰሙ የሰፈሩን ካርታ ይዘው ዕቅዱ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ይቅረቡ። የመንገዱን መስመር ሁለት ሜትር ማዞር በዚያን ጊዜ የእርሳስ ሥራ ነው። አጥር ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባና የካሳ ግምት ከወጣ በኋላ ግን እጅግ ይከብዳል።

3. ውሃውን ያስወጡ

ጅማ ዝናቧ ብዙና ረጅም ነው፤ ነባር ቤትን በብዛት የሚጥለውም ውሃ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ብር በቅድሚያ ጣራ፣ አሸንዳና ቦይ ላይ ይዋል። ጣራው የሚያፈስ ቤት ግድግዳ መለሰን ገንዘብን ዝናብ ላይ መበተን ነው።

ቆርቆሮ ሲቀይሩ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ጌጅ ወፍራሙ መሆኑን ያስታውሱ፤ 28 ጌጅ ከ32 ይበረታል። ከላይ ወደ ታች ሲደራረብ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይግባ። ምስማሩ ጎማ ይኑረው፣ የሚመታውም የቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ ነው፤ ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ውሃው በምስማሩ ቀዳዳ ይወርዳል። የድሮውን ጣራ ተዳፋትና ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን ክዳን አያሳጥሩ። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ክዳኑን ወደ ውስጥ መሰብሰብ የጭቃ ግድግዳን ዣንጥላ መቀማት ነው።

ቀጥሎ መሬቱን ይመልከቱ። በብዙ ነባር ቤቶች መንገዱ አስፋልት፣ ኮብልስቶን ወይም ገረጋንቲ በተደረገበት ቁጥር ከፍ ብሎ ከወለሉ በልጧል፤ የድንጋይ መሠረቱ ተቀብሮ ጭቃው እርጥብ አፈር ነክቷል። በግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያህል አፈሩን ይጥረጉ፤ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ ያውጡት። ከመሠረቱ በታች ግን አይቆፍሩ። መሬቱ ከግድግዳው ሲርቅ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውረድና ቦዩ ጋ ይድረስ። የቦዩ ውሃ ወደ ጎረቤት ግድግዳ እንዳይሄድ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የሰፈር ሥራ ተጀምሮ የሚፈርሰው በብዛት እዚህ ነው።

4. የጭቃ ግድግዳ በጭቃ ይጠገናል

አጥብቀን የምንመክረው ይህን ነው፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አይለስኑ። የሽቦ ወንፊት በምስማር መትቶ ሲሚንቶ መለሰን ቤቱን ያጠናከረ ይመስላል፣ ለሁለት ለሦስት ዓመትም ያምራል። ጭቃ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስም። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይወጣል፣ ውሃ ይገባበታል፣ መውጫ ግን የለውም። ከጀርባ ቋሚው ይበሰብሳል፣ ምስጥም እርጥብ እንጨት ይወዳል። ልስኑን በጣትዎ አንኳኩተው ባዶ እቃ የመሰለ ድምፅ ከሰሙ ተለያይቷል። እንዲህ ያለውን በትንሽ በትንሹ አንስተው ግድግዳው ለጥቂት ሳምንታት እንዲደርቅ ይተዉት።

አፈሩን እንዲህ ይፈትኑ። ግልጽ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአፈር ይሙሉ፣ ውሃ ጨምረው በደንብ ይናጡና ያስቀምጡ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ሸክላው ደግሞ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ቆይቶ ላይ ይተኛል። የጅማ ቀይ አፈር ሸክላ ስለሚበዛበት ለብቻው ከተለሰነ ይሰነጣጠቃል። አሸዋና የጤፍ ጭድ ይጨምሩበት፣ ከ10 እስከ 15 ቀን እርጥብ አድርገው በየሁለት ቀኑ እየረገጡ ያቡኩት። ጭዱ ለስልሶ ጭቃው ሲያሟልጭ ደርሷል። መጠኑን በግምት አይወስኑ፤ የአሸዋው ልክ የተለያየ ሦስት ናሙና ግድግዳው ላይ ለስነው ሲደርቁ ያልተሰነጠቀውን ይምረጡ።

አሮጌውን ግድግዳ ውሃ ረጭተው ያርጥቡ። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ይመጥና እንዲረግፍ ያደርገዋል። ምርጊቱን ወፈር አድርገው ያልብሱ፤ ሲደርቅ ቢሰነጠቅ አይደንግጡ፣ ሁለተኛው ልስን ስንጥቁን ይዞ ይያያዛል። የመጨረሻውን ስስ ልስን በእበት መለወስ የእናቶቻችን ብልሃት ነው፤ ስንጥቅም ይቀንሳል። ከላይ ወተት በመሰለ ቀጭን ኖራ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይቀቡት። የፕላስቲክ ቀለም እንደ ሲሚንቶው እርጥበት ያፍናል።

5. እንጨቱ

የበረንዳ ምሰሶና ቋሚ የሚበሰብሰው ከእግሩ ነው። በካቻቢቴ ይውጉት፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ያለ ኃይል ከገባ እንጨቱ ልቡ ሄዷል። ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣ የአፈር መስመር ካዩ የምስጥ መንገድ ነው።

ሙሉ ምሰሶ መቀየር አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ጣራውን በጊዜያዊ ድጋፍ ይያዙ፣ የበሰበሰውን ጤነኛ እንጨት እስኪያገኙ ቆርጠው ያውጡ፣ ከተቻለ ተመሳሳይ ዓይነት ደረቅ እንጨት ሁለቱን ጫፎች በሰያፍ ቆርጠው ይቀጥሉበት። የቅጥያው ርዝመት የምሰሶውን ውፍረት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ በሁለት ብሎን ይጥበቅ። እግሩ አፈር ውስጥ አይቀበር፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ምሰሶ በላይ አያውጡ። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ልማድ ቢሆንም ላይ ላዩን ከማጥቆር አልፎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ከእሱ ይልቅ እንጨቱ ደረቅ ሆኖ መቆየቱ ይጠብቀዋል። ዋንዛና ዝግባ ሲገዙ የፈቃድ ወረቀቱን ይጠይቁ። የድሮ በርና መስኮት መዝጊያ ቢጣመምም ለጥሩ አናጢ ያሳዩት፤ በብረት መስኮት የተተካ ቤት ፊቱ ይጠፋል።

የድንጋይ ሕንጻ ላይ ስንጥቅ ካዩ ቶሎ አይድፈኑት። ሁለቱን ጠርዝ አቋርጦ ቀጭን የጂፕሰም ማኅተም ይለጥፉ፣ ቀኑን ይጻፉበት። ከአንድ ክረምት በኋላ ማኅተሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነውና መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች መጠየቅ ይቻላል።

6. ሥራውን በዓመቱ ላይ መዘርጋት

የጭቃና የኖራ ሥራ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሠራል። መጋቢት ላይ ከዝናቡ በፊት አሸንዳና ቦይ ይጸዳል፣ የላላ ምስማር ይመታል። በክረምቱ መካከል አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ በሰፈሩ ይዙሩ፤ ውሃው የት እንደሚያቁር ያኔ ካላዩት በበጋ አይታይም። ጥቅምት ላይ ፎቶውን ያንሱና የበጋውን ሥራ ዝርዝር ያውጡ። እድሩ ረጅም መሰላል፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክና ሁለት ጠንካራ የብረት ድጋፍ በጋራ ቢገዛ፣ ለእያንዳንዱ ቤት የሚቀረው ወጪ በዋናነት የጭድ፣ የኖራና የአናጢ ቀን ሥራ ይሆናል። የመጀመሪያውን ዓመት ከሁሉ በላይ የሚያፈሰውን አንድ ቤት ይያዙ፤ ግንበኞቹም ጎረቤቱም የጭቃውን ልክ የሚማሩት እዚያ ነው።