ላፕቶፕ ከመሸጥዎ በፊት ዳታ ሲያጠፉ የሚሠሩ ስህተቶች

«ፎርማት አድርጌዋለሁ» ብሎ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ ፎቶውንና የፓስፖርት ኮፒውን ጨምሮ ነው የሚሸጠው።

ኩዊክ ፎርማትን ማመን

በሃርድ ዲስክ ላይ ዴሊት ማድረግም ሆነ ሪሳይክል ቢንን ባዶ ማድረግ ወይም ኩዊክ ፎርማት የሚነካው ፋይሉ የት እንዳለ የሚያመለክተውን ማውጫ ብቻ ነው። ፋይሉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይቆያል፤ ሪኩቫና ፎቶሬክን የመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች መልሰው ያወጡታል። ስለዚህ ፎርማት ሲያደርጉ «ኩዊክ ፎርማት» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት ፓርቲሽኑን፣ ማለትም የሚጸዳውን የዲስክ ክፍል፣ በዜሮ ይሞላዋል።

ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ ግን ዊንዶውሱ ራሱ ፎርማት አያደርግልዎትም። ላፕቶፑን በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ያስነሱ፣ ሺፍትና ኤፍ10 ይጫኑ፣ በሚመጣው የትእዛዝ መስኮት ዲስክፓርት የተባለውን የዲስክ ማስተዳደሪያ ይክፈቱ። ሌሎች ዲስኮችን አስቀድመው ይንቀሉ፤ የተሳሳተ የዲስክ ቁጥር የመረጠ ሰው መመለሻ የለውም። «ክሊን» የሚለው ትእዛዝ የፓርቲሽን መረጃውን ብቻ ስለሚያነሳ ወዲያው ያልቃል። የሚፈልጉት «ክሊን ኦል» ነው፤ በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቻርጀሩን ይሰኩ፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ ከመጀመሪያው ነው።

ኤስኤስዲን እንደ ሃርድ ዲስክ ማጽዳት

ይህ ስንት ጊዜ ቢነገርም አልሰማ ያለ ስህተት ነው። ፋይል «የሚፈጭ» ፕሮግራም አውርደው፣ ሌሊቱን ሙሉ ዜሮ ሲያስጽፉ አድረው፣ ጠዋት «አለቀ» ይላሉ። አላለቀም! ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሚሽከረከር ዲስክ ፋንታ በቺፖች ላይ የሚያስቀምጠው ድራይቭ፣ በነባሩ ቦታ ላይ ደርቦ አይጽፍም። መረጃው የሚያርፍባቸው ሴሎች እኩል እንዲያረጁ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ድራይቩን የሚመራው ቺፕ፣ አዲሱን ጽሑፍ ወደ ሌላ ሴል ይልከዋል፤ አሮጌው ጽሑፍ ግን ኮንትሮለሩ እስኪያጸዳው ይቆያል። ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ ጭራሽ የማያየው መጠባበቂያ ቦታ አለው። እርስዎ ያተረፉት የድራይቩን ዕድሜ ማሳጠር ነው።

ማጽዳት ያለበት ድራይቩ ራሱ ነው። ኤስኤስዲ እንደ አገናኙ ዓይነት ሳታ ወይም ኤንቪኤምኢ ነው፤ ለሳታ ሴኪዩር ኢሬዝ፣ ለኤንቪኤምኢ ደግሞ ድራይቩ የሚቀበለው ከሆነ ሳኒታይዝ የሚባሉ ትእዛዞች አሉ። በአንዳንድ ባዮሶች (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ይገኛሉ፤ ካልሆነ የአምራቹን ፕሮግራም ይጠቀሙ፣ ለሳምሰንግ ለምሳሌ ማጂሺያን። ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። «ፍሮዝን» የሚል መልእክት ከመጣ ባዮሱ ትእዛዙን ቆልፎታል ማለት ነው፤ ላፕቶፑን ስሊፕ አድርጎ መቀስቀስ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። በዩኤስቢ ማቀፊያ ከተገናኘ ግን ትእዛዙ ላያልፍ ስለሚችል በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩት።

35 ጊዜ ደጋግሞ መጻፍ

35 ዙር የሚጽፈው የ1996ቱ የጉትማን ዘዴ ለዚያ ዘመን ዲስኮች የታሰበ ነበር። ለዛሬ ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ይበቃል።

ቢትሎከርን ዘግይቶ ማብራት

ቢትሎከር ዲስኩ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የሚመሰጥር የዊንዶውስ መሣሪያ ነው። ዘግይቶ ሲበራ፣ በተለይ «ያገለገለውን ቦታ ብቻ» የሚለውን መምረጥ ቀድሞ የተሰረዘውን ሁሉ ሳይሸፍን ይተወዋል። ቢትሎከር ይበልጥ የሚጠቅመው ድራይቩ ገና አዲስ ሳለ፣ አንድም ፋይል ሳይገባበት ከተበራ ነው።

የዊንዶውስ ሪሴትን እንደመጣ መቀበል

«ሁሉንም አስወግድ» ካሉ በኋላ ቅንብሮቹን ለመቀየር የሚያስችለውን ይጫኑና «ክሊን ዳታ»ን ያብሩ። አለበለዚያ ዊንዶውስ ፋይሎቹን ከማንሳት አልፎ አይሄድም።

ማግኔት

ኤስኤስዲንና ፍላሽን ምንም አያደርጋቸውም። ተራ ፍላሽ ሴኪዩር ኢሬዝ ስለሌለው፣ ምስጢር የነበረበት ከሆነ አይሽጡት፤ ውስጡ ያለውን ቺፕ ይሰባብሩት። ኤስኤስዲም ሲሰበር እንዲሁ ነው፦ ሰሌዳው ላይ ያሉት የማስታወሻ ቺፖች አንድ በአንድ መሰበር አለባቸው፣ አንዳንዱም ከጀርባ በኩል ተጨማሪ አለው።