የአውድማ ዘፈን ወደ ኖታ

ደብረ ማርቆስ ሙዚቃ አስተምራለሁ። የመጀመሪያ የኖታ ሥራዬ አጎቴ ቢቸና አካባቢ ጤፍ ሲያበራዩ የሚያዜሙት ነበር። በስልክ ቀድቼ በ3/4 ጻፍኩትና ሄጄ አዜምኩላቸው። «አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ በሬ አያስኬድም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በአንድ ባር (የምት ክፍል) ውስጥ ያሉትን ስድስት ስምንተኛ ኖታዎች ሁለት ሁለት እያደረግሁ በሦስት ምት ከፍዬው ነበር። የእሳቸው ዜማ ሦስት ሦስት ሆኖ በሁለት ምት ይሄዳል፤ 6/8 ነው። ስለዚህ ኖታ ከመጻፋችሁ በፊት ተነሡና ድምፁን እየሰማችሁ ተራመዱ። እግራችሁ የት እንደሚያርፍ ምልክት አድርጉ። እንጉርጉሮ ከሆነ ግን ምት አትፈልጉለት፣ የባር መስመሩንም ተዉት።

ቀጥሎ ግጥሙን ጻፉ። እኔ ብዙ ጊዜ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው። ፊደል ሁሉ አንድ ኖታ አይወስድም። «ምንድን» አራት ፊደል ነው፣ ሲነገር ግን ሁለት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ የቃል ክፍል)። ዘፋኝ ደግሞ ሳድሱን ከፍቶ ሦስት ሊያደርገው ይችላል። የሰማችሁትን ቁጠሩ። ግጥሙ የወል ቤት በሚባለው ምጣኔ ከሆነ ስንኙ 6 እና 6 ቀለም ስለሚሆን መሐሉ ላይ ያለው ዕረፍት ሐረጉን ያሳያችኋል። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጉ። አለበለዚያ ሌላ አገር ያለ አንባቢ በዓሉን «ገና»ን «ገና ነው» እንደምንለው አላልቶ ይዘፍነዋል።

ቅኝቱን ለመለየት ድምፁን በግማሽ ፍጥነት አጫውቱ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ካገኛችሁ ትዝታ ሜጀር ነው። ሬ እና ሶል ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያሉ) ሆነው ከዶ፣ ፋ እና ላ ጋር ከመጡ አንቺ ሆዬ። በሁለት የፒያኖ ቁልፍ መሐል የሚወድቅ ድምፅ ሲገጥማችሁ ወደ አንዱ አትጎትቱት። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክ የሃንጋሪና የሮማንያ ገበሬዎችን ዜማ ሲጽፍ እንዳደረገው ኖታው ላይ ትንሽ ቀስት አድርጉ፦ ከፍ ካለ ወደ ላይ፣ ዝቅ ካለ ወደ ታች። ባርቶክ የየአገሩን ዜማ ለማነጻጸር መጨረሻውን ሁሉ ሶል ላይ ያሳርፍ ነበር። እኔም የቢቸናን ዜማ ከዳንግላ የአገውኛ ዜማ ጋር የማስተያየው እንዲሁ ነው። ዘፋኙ የጀመረበትን ትክክለኛ ድምፅ ግን ጠርዙ ላይ እጽፋለሁ።

በመጨረሻ ለባለቤቱ መልሳችሁ አዚሙለት። ሁለተኛውን ጽሑፍ ይዤ ስሄድ አጎቴ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተቀበሉኝ። አራተኛው ላይ አስቆሙኝና «እዚህ ጋ ተንፍስ» አሉኝ። ኮማ ጨመርኩበት።