የጌኮ እንቁላል አታገላብጡ

ባሕር ዳር ላይ ሌፐርድ ጌኮ ለማርባት ላሰባችሁ፣ መጀመሪያ ስለ ሙቀት እናውራ። ይቺ እንሽላሊት መነሻዋ የፓኪስታንና የአፍጋኒስታን ደረቅ አገር ነው። ከተማችን ቀን ቢሞቅም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ይበርዳታል። የምትኖርበት ሳጥን አንድ ጎን 31 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ሌላው ቀዝቀዝ ይበል፣ እሷ ራሷ ትመርጣለች። መብራት ከጠፋ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉና በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡላት።

ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ 2 እንቁላል ትጥላለች። ቅርፊቱ እንደ ዶሮ አይደለም፣ ስትነኩት እንደ እርጥብ ብራና ለስለስ ይላል። ጥንቃቄው እዚህ ጋ ነው፤ ከማንሳታችሁ በፊት ላዩን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ በነበረበት አኳኋን አንሱት፣ በፍጹም አታገላብጡት፣ ምክንያቱም ውስጥ ያለው ፅንስ ከቅርፊቱ ጋር ስለሚጣበቅ ሲገለበጥ ሊሞት ይችላል። በ27 ዲግሪ ከተፈለፈሉ ሴት ይበዛል፣ በ32 ደግሞ ወንድ። እንቁላሉ ጎድጎድ ካለ እርጥበት አንሶት ሊሆን ይችላል።

ለምግቧ ፌንጣ ከማሳ አትልቀሙ፣ ኬሚካል የተረጨ ሊሆን ይችላል። ራሳችሁ አርቡና የካልሲየም ዱቄት ነስንሱበት።

ጣና ዳር የምታዩትን አርጃኖ ግን እባካችሁ ተዉት፣ እሱ የሐይቁ ነው።