ዋይድባንድን በናሮባንድ ሰንሰር ቦታ ሲያገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአየርና የቤንዚን ድብልቁን በቁጥር የሚያሳይ ዋይድባንድ ጌጅ የገዛ ሰው፣ ጭስ ቱቦው ላይ ሌላ ቀዳዳ ማስበየድ ይታክተዋል። የፋብሪካውን የኦክስጅን ሰንሰር ነቅሎ አዲሱን እዚያው ቀዳዳ ላይ ያስራል፤ ለሞተሩ ኮምፒውተርም ሲግናል ከጌጁ ይስባል። ይቻላል። እንደ ኢኖቬት ኤልሲ-2 ያሉ መሣሪያዎች የናሮባንድ ሲግናል አስመስሎ የሚልክ ሽቦ አላቸው፤ ናሮባንድ ማለት ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አንሷል ብቻ የሚል ሰንሰር ነው። የሚበላሸው ግን አገጣጠሙ ላይ ነው።

መኪናው ናሮባንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ መጀመር። ከሁሉ የሚብሰው ይሄ ነው። ከ2000 ወዲህ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ከካታሊስቱ (ጭስ ከሚያጣራው ክፍል) በፊት ያለው ሰንሰራቸው ናሮባንድ አይደለም፤ ኤር ፊውል ሬሾ የሚባለው ዓይነት ነው። እሱም አራት ሽቦ አለው፣ መልኩም ያው ነው። ሶማሌ ተራ ላይ ሽቦ ቆጥሮ "ይሄው ነው" የሚል ሻጭ ቢገጥምዎ አይመኑት። ሞተሩ ሲሞቅ የሲግናል ሽቦውን በመልቲሜትር ይለኩ። ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየተወዛወዘ ከሆነ ናሮባንድ ነው። ካልሆነ ሥራውን እዚያው ይተዉት።

የመውጫ ሽቦዎቹን ማምታታት። ኤልሲ-2 ሁለት መውጫ አለው። አንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ድብልቁ 14 (ለአንድ እጅ ቤንዚን 14 እጅ አየር በክብደት) ሲሆን 1.1 ቮልት፣ 15 ሲሆን 0.1 ቮልት ይልካል። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ይሄንን ነው። ሌላው ከ0 እስከ 5 ቮልት የሚሄደው ሲሆን ለዳታ መቅጃ የተሠራ ነው፤ ድብልቁ ትክክለኛው 14.7 ላይ ሲሆን 2.4 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ከ0.45 በላይ ያየውን ሁሉ "ቤንዚን በዝቷል" ብሎ ስለሚወስደው መቀነስ ይጀምራል። ቤንዚን ባነሰ ቁጥር ደግሞ በዚህ ሽቦ ላይ ቮልቱ ይጨምራል! ስለዚህ መቀነሱን አያቆምም።

የማሞቂያውን ሽቦ መርሳት። የድሮው ሰንሰር ሲነቀል ማሞቂያውም አብሮ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ሲያጣው ብዙ ጊዜ ፒ0135 ኮድ ያወጣና ቼክ ኢንጂን ያበራል። በማሞቂያው ምትክ ሬዚስተር ማስገባት ይቻላል፤ ግን ዋቱ ከፍ ያለ ይሁን። በጣም ስለሚግል ከፕላስቲክና ከሽቦ አርቀው ብረት ላይ ይሰሩት።

ግራውንድን (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን ሽቦ) በዘፈቀደ ማሰር። ዳሽቦርድ ስር ያገኙት ብሎን ላይ አይሰሩ። የሰንሰሩ ማሞቂያ ብዙ አምፔር ስለሚስብ ደካማ ግራውንድ ላይ ቮልቱን ያዛባዋል። መዞሪያው (ከ"በዝቷል" ወደ "አንሷል" የሚገለበጥበት ነጥብ) 0.45 ለሆነ ሲግናል 0.1 ቮልት ቀላል አይደለም። ኮምፒውተሩ ራሱ ግራውንድ በሚያገኝበት ቦታ ይሰሩት።

"ቤንዚን ይቆጥባል" ብሎ መዞሪያውን ከ14.7 ወደ 15.5 ድብልቅ መግፋት። ይሄ ፈተና ብዙዎችን ይጥላል። ኦክስጅን ሲተርፍ ካታሊስቱ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ማጥፋት ያቅተዋል። በተጨማሪ ብዙ ኮምፒውተሮች በቀስታ ሲነዱ የተማሩትን ማስተካከያ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡም ይጠቀሙበታል። ዳገት ላይ ተጭኖ ሲወጣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ፒስተኑን ሊጎዳ ይችላል። እኔ ብሆን አልነካውም።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። ከሰንሰሩ በፊት ጭስ የሚያፈስ ስንጥቅ ካለ ንባቡ የተሳሳተ ይሆናል፤ መጀመሪያ ያስበይዱት። ሰንሰሩ ውሃ እንዳይቋጥር ጫፉን ወደታች አድርገው ይግጠሙት። የዋይድባንዱ መቆጣጠሪያ ቢበላሽም ሰንሰሩን ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ጭሱ ውስጥ አይተዉት፤ በጥላሸት ይሞታል።