ያንን አሮጌ አምፖል ቶሎ አትሰኩት

የመጀመሪያዬን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው፣ ከዛጉ ቁልፎችና ከተፈታ ሬዲዮ መሃል። ፒያሳ ቤቴ እንደገባሁ ሰካሁት። ቦግ አለ፣ አለቀ። በኋላ ብረቱን ጠረግ አድርጌ ሳየው 110 ቮልት ይላል። የኛ 220 ነው።

እና መጀመሪያ ጽሑፉን ፈልጉ፤ ብረቱ ላይ ወይም ብርጭቆው አናት ላይ ነው። በቀለም የታተመ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ አትሹት፣ ይለቃል። አናቱ ላይ ሹል ጫፍ ካለው፣ አየሩ ተመጦ የወጣው በዚያ በኩል ነው፤ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያ ጫፍ ከተራ አምፖል ላይ እየጠፋ ሄዷል። ግን ካፌ ውስጥ ለጌጥ የሚሰቅሏቸው አዳዲሶችም ጫፍ አላቸው፣ እንዳትሸወዱ። ውስጡ ቢጫ እንጨት የመሰለ ነገር ከተደረደረ ኤልኢዲ ነው፣ መልሱት።

ቁም ነገሩ ክሩ ነው፣ ውስጡ ግሎ የሚያበራው ቀጭኑ ነገር። የካርቦን ክር ጠቆር ያለና እንደ ፀጉር ማስያዣ የታጠፈ ነው። የድሮ ተንግስተን ደግሞ እንደ ሸማኔ ድር ላይ ታች ተወጥሮ ታዩታላችሁ። ካልለየላችሁ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አምጡና ኦሙን፣ ማለትም ክሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበትን መጠን፣ ለኩ። ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ለዋቱ አካፍሉት፤ ለ220 ቮልት 60 ዋት ወደ 807 ይመጣል፣ ሲበራ ያለው ኦም ማለት ነው። ተንግስተን ሲቀዘቅዝ ከዚህ በጣም ያንሳል፣ ከአስር እጅ በላይ። ካርቦን ግን ተቃራኒ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከስሌቱ ይበልጣል። እኔ ይቺን ሳውቅ ነው ነገሩ የጣመኝ። ቴስተሩ ጭራሽ ካላነበበ ክሩ ተበጥሷል፤ ለመደርደሪያ ይሆናል።

ብርጭቆው ከተሰነጠቀ፣ ውስጡ ነጭ ዱቄት ካለ ወይም ብረቱ ከላላ መብራት አታስነኩት። ስታስገቡና ስታወጡ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አቋርጡ፤ ከዚያ ብረቱን እንጂ ብርጭቆውን ይዛችሁ አትጠምዝዙ። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሲሰበር ስብርባሪው ይረጫል።

ለማብራት ቫሪያክ የሚሉት ቮልት ማስተካከያ ይሻላል። ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፣ ክሩ ፍም ሲመስል ይበቃል። ከሌላችሁ ከተራ ባለ ክር 60 ዋት አምፖል ጋር ተከታታይ አድርጎ እንዲያስርላችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ፣ ራሳችሁ አትሞክሩት። መያዣውም አዲስ ይሁን፤ ከአሮጌ መብራት የወጣ ሽቦ ልባሱ ይረግፋል።

መብራት ከሄደ ደግሞ ወዲያው ንቀሉት። ሲመለስ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።